እጅ መስጠት የሌለበት ጨዋታ

በጨዋታው ውስጥ የእኔ ሥራ መጠቆም ነበር። አራት ሆነን እንገባለን፤ ሁለቱ ይተኩሳሉ፣ አንዱ የወደቀ ያነሳል፣ እኔ ደግሞ ጠላት ባየሁበት ቦታ ላይ ጣቴን አሳርፋለሁ። ጣቴ የነካው ቦታ በጓደኞቼ ሁሉ ስልክ ላይ ቀይ ሆኖ ይበራል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ብዙም አይቆይም። ተኩስ ላይ ሰነፍ ነኝ፤ ጥይቴ ግድግዳ ይበሳል። በመጠቆም ግን የሚወዳደረኝ አልነበረም። ጓደኞቼ ይህን እያነሱ ሲያሞግሱኝ ደስ ይለኝ እንደነበር አልደብቅም። አሁን ያንን ጣቴን ሳየው የሌላ ሰው ቢሆን ብዬ እመኛለሁ፤ ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ጭሮ ተወልጄ ጭሮ የቀረሁ ሰው ነኝ። እናቴ አሁንም አሰበ ተፈሪ ነው የምትለው፤ ከተማዋ ስሟን መቀየሯን የሰማች አትመስልም። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ሠላሳዎቹን አጋምሼ፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ይዤ ስልክ ላይ ጦርነት መጫወቴ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ባለቤቴ ነግራኛለች፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን በየቀኑ። ግን የከተማችን ወንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ቦታ መቀመጡ አይቀርም። ቀድሞ በርጫ ላይ ጫታችንን ይዘን ፖለቲካ እናወራ ነበር። ፖለቲካ ማውራት የሚያስፈራ ሲሆን ወደ ስልካችን ዞርን።

የምንቀመጠው ሐጂ ቤት ነው፤ ከገበያው ጀርባ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት ረጅም ክፍል ውስጥ። ሐጂ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ አንድ ዓይናቸው በሞራ የተሸፈነ ሰው ናቸው። በአካባቢው የሚታወቁት በጉማ ነው። ከሂርና ተራራ እስከ በደሳ ገጠር ድረስ ሰው ሰውን ሲገድል፣ የገዳይ ወገን ለሟች ወገን የደም ካሳ ሰጥቶ የሚታረቅበት ሽምግልና ሲቀመጥ፣ እሳቸው አይቀሩም። ስንት ገዳይ በዚያ ክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ እንደተቀመጠ እሳቸው ብቻ ናቸው የሚያውቁት። እኛም እዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ነው የምንገድለው።

በርጫው በሐጂ ዱዓ ይከፈታል። ዱዓው ሲያበቃ ስልኮቹ ይወጣሉ። አንዱ ተጫዋች ልብስ ሰፊ ነው፤ ሌላው ከጭሮ ሚኤሶ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። ሐጂ ጨዋታው ምን እንደሆነ ካስረዳናቸው በኋላ በኛ መቀለድ ልማዳቸው ሆነ። ዛሬ ስንት ገደላችሁ ይሉናል። ቁጥሩን እንነግራቸዋለን። የሟቾቹ ዘመዶች አውቀዋል ወይ ይሉናል። ሐጂ፣ ስልክ ውስጥ ያለ ሰው ዘመድ የለውም እንላቸዋለን። እንግዲያው ይህን ሁሉ ደም ጉማ ሳትከፍሉ ነው በሰላም የምትተኙት ብለው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ እኛም እንስቃለን።

አራተኛውን ሰው ያመጣሁት እኔ ነኝ። እስከ አሥረኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን፣ ቤቱ ከቤታችን አጥር የሚጋራ ጓደኛዬ ነው። አባቱን አያውቅም፣ ወንድም እህት የለውም። እናቱ መንገድ ዳር ድንችና ሽንኩርት እየሸጠች ለብቻዋ አሳደገችው፤ እሱ ሰሜን ጦርነት ላይ እያለ ሞታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቀበርናት። ሲመለስ መቃብሯን ያሳየሁት እኔ ነኝ። አላለቀሰም። በአንድ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ ቀን ቀን ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ስለ ጦርነቱ ሲጠየቅ ብርድ ነው ይላል፣ ሌላ ምንም አይልም። አሳዘነኝ። አሮጌ ስልኬን ጨዋታው እንደተጫነበት ሰጠሁትና ሐጂ ቤት ይዤው ሄድኩ። ያጫውተዋል፣ ሐሳቡን ያስረሳዋል ብዬ ነው። ከጦርነት ለመጣ ሰው ጦርነት መስጠቴ በወቅቱ ምንም አልመሰለኝም፤ የዜግነት መምህር መሆኔን አትርሱ።

በሳምንቱ ማሸነፍ ጀመርን። እሱ ዝቅ ባለ ድምፅ አትሩጡ ይለናል፣ ከበሩ ዞር በሉ ይለናል፣ ሣሩ ውስጥ ተኙ ይለናል፤ እንታዘዘዋለን፣ እንተርፋለን። ልብስ ሰፊው አንድ ቀን ስልኩን ዝቅ አድርጎ፣ አቦ ይሄ ሰውዬ እየተጫወተ ነው ወይስ ሥራ ላይ ነው ብሎ ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን። ጓደኛዬ ከማያ ገጹ ዓይኑን አላነሳም። ጉንጩ ላይ ያለችው ሥር ስትመታ ይታየኝ ነበር፣ ግን እያሸነፍን ስለነበረ ዝም አልኩ።

አንድ ነገሩ ብቻ ያናድደን ነበር። በዚያ ጨዋታ የተመታ ሰው ወዲያው አይሞትም። መጀመሪያ በጉልበቱ ይወድቃል፤ ተጫዋቾቹ ኖክ ሆነ ይላሉ። መተኮስ አይችልም፣ ይድሃል ብቻ። ጓደኛው ከደረሰለት ያነሳዋል፤ ጠላቱ ከደረሰበት አንድ ጥይት ጨምሮ ይጨርሰዋል። ሦስተኛ መንገድ የለም። እጅ መስጠት የለም፣ መማረክ የለም፣ ሂድ ብሎ መልቀቅም የለም። ጓደኛዬ ግን ኖክ ያደረገውን ሰው አይጨርስም። አጠገቡ ሄዶ ይቆማል፤ ምን እንደሚጠብቅ አናውቅም። ጨርሰው እንጂ እያልን እንጮህበታለን። ወድቋል እኮ ይለናል፤ ይኸው ነው መልሱ።

በዚያው ሰሞን ክፍል ውስጥ ስለ ጦርነት ሕግ አስተማርኩ። እጁን የሰጠ ወታደር አይገደልም፣ የቆሰለ ይታከማል፣ የተማረከ ከማራኪው ጋር ጠብ የለውም እያልኩ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ወንዶቹ በዕረፍት ሰዓት ስልክ ላይ የሚጫወቱት ጦርነት እጅ መስጠት ለምን እንደሌለው፣ ሠሪዎቹ ይህን ሊያስቡበት አይገባም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወንዶቹ አጉረመረሙ። እኔ ደግሞ ከወንዶቹ ወገን ነበርኩ፣ እሷ ባታውቅም። ጨዋታ ጨዋታ ነው አልኳት፤ ኳስ ሜዳ ላይ ስለ ሥነ ምግባር ማን ይጠይቃል?

«መምህር፣ ኳስ ላይ ዳኛ አለ» አለችኝ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰዓቱ አልቋል ብዬ ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ሐጂ ቤት ገብቼ ጥያቄዋን ለጓደኞቼ እንደ ቀልድ ነገርኳቸው። ሹፌሩ፣ እሱማ ቢኖር ጨዋታው አይጥምም አለ። ጓደኛዬ ብቻ ልጅቷ ማን ናት፣ የማን ልጅ ናት ብሎ ጠየቀኝ።

የሆነው ነገር የሆነው በማግስቱ ነው። ደመና ነበር፣ ኔትወርኩ ደህና ነበር። ጓደኛዬ አንድ ሰው ኖክ አደረገና እንደ ልማዱ አጠገቡ ሄዶ ቆመ። ማይክ ክፍት ከሆነ በዚያ ጨዋታ አቅራቢያህ ያለ ሰው ሲናገር ይሰማል፤ ከኛ አገር የሚገቡት ብዙ ናቸውና አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም። የወደቀው ሰው አነጋገሩ የሰሜን ነበር። በሳቅና በልመና መካከል ሆኖ «በእናትህ ተወኝ፣ በእናትህ» አለ። ጓደኛዬ መሣሪያውን መሬት ላይ ጣለ። ጨዋታው ይህን ይፈቅዳል፣ ግን ማንም አያደርገውም። ከዚያ ከማናውቀው ሰው ጋር ሲነጋገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማነው። «አትንቀሳቀስ። ማንም አይነካህም» አለው።

እኔ ከኋላ እየመጣሁ ነበር። በዚያ ቀን አንድም ሰው አልገደልኩም ነበር። ከፊቴ የማይንቀሳቀስ፣ የማይተኩስ፣ እኔ እንኳ የማልስተው ሰው አገኘሁ። ተኮስኩ። ሰውዬው ጠፋ፣ ነጥቡ ለእኔ ተመዘገበ፣ እኔም ሳቅሁ። ሳቄ አሁንም በጆሮዬ አለ፤ የደስታ ሳቅ ነበር።

ጓደኛዬ ስልኩን ምንጣፉ ላይ በፊቱ ደፋው። የእኛ ስልኮች ተኩሱን ቀጠሉ፣ አንድ በአንድ እስክናጠፋቸው ድረስ።

«እዚያም እንደዚሁ ነበር» አለ።

የነገረንን ቃል በቃል አልጽፈውም፣ አልችልምም። አንድ ወጣት ማርኮ ነበር። የፊት ጥርሱ አንዱ የለም፤ በውኃ ጥም ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር፣ ከኮዳው አጠጣው። ልጁ በእናትህ ተወኝ እያለ ይለምነው ነበር፣ እሱም ማንም አይነካህም አለው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ልጁ የሰፈሩን ስም ነገረው፣ ወንዝ እንዳለና ከወንዙ ማዶ ቤታቸው እንደሚታይ ነገረው። ከዚያ ከኋላ የሚመጣ አንድ የራሱ ጓድ ተኮሰ። ልጁ ወደቀ። ጓደኛዬ ሲዞር የተኮሰው ሰው እየሳቀ ነበር። ይህን ሲናገር እኔን አየኝ፣ በክፉ ዓይን እንኳ አይደለም። ልክ እንዳንተ አለኝ።

አፉ በለኝ ልለው ፈልጌ ነበር፣ ግን ስለ የትኛው ሰው እንደምጠይቀው አላወቅኩም። የጠየቁት ሐጂ ናቸው። ቀብረኸዋል ወይ አሉት። ጊዜ አልነበረም፣ ድንጋይ ከመርኩበት አላቸው። ቦታውን ታውቀዋለህ አሉት። ዓይኔን ጨፍኜም አገኘዋለሁ አለ። ከዚያ ወደ እሳቸው ተጠግቶ ጉማ ይቀመጥልኝ ሲል ለመናቸው።

«የጦርነት ደም የመንግሥት ነው ይባላል» አሉት ሐጂ። «ይባላል ነው ያልኩህ። ጉማ ሁለት ወገን ይፈልጋል፣ ልጄ። የሟች ወገን የት አለ? ያንተስ ወገን ማን ነው?»

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ስልኬን እያየሁ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይተወው ነበር። እሱ ግን የሟችን ወገን ፍለጋ ገባ፤ የገባውም በጨዋታው ነው። ሞኝነቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፣ ግን ሌላ በር አልነበረውም። ሰሜን መሄድ አይችል፣ የሚያውቀው ሰው የለ፤ የዚያን አገር ሰዎች ድምፅ የሚሰማበት አንድ ቦታ ይህ ብቻ ነበር። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሐጂ ቤት ይመጣል፣ መሣሪያ ሳያነሳ ይገባል፣ ማይኩን ከፍቶ የሰፈሩን ስም እየጠራ ከዚያ የመጣ ሰው አለ ወይ እያለ ይጠይቃል። ሰዎቹ ይሰድቡታል፣ ይስቁበታል፣ ይገድሉታል። ተመልሶ ይገባል። ልብስ ሰፊው በሦስተኛው ቀን ከእሱ ጋር መግባት አስጠላኝ ብሎ ወጣ። ሹፌሩም ሰበብ አበዛ።

እኔ ቀረሁ። ሰው ያለበትን አሳየኝ አለኝ። እሺ አልኩት፤ የማውቀው ሥራ እሱ ነው። ከሩቅ ሰው ባየሁ ቁጥር ጣቴን አሳርፋለሁ፣ ቀዩ ምልክት ይበራል፣ እሱም ባዶ እጁን ወደ ምልክቱ ይሄዳል። ሁልጊዜ እየተናገረ ነው የሚሞተው። ስንት ጊዜ ሲወድቅ እንዳየሁት አላውቅም። ማታ ቤቴ ስገባ ልጆቼ ሲያቅፉኝ ጣቴን እጥፍ አደርግ ጀመር፣ ባለቤቴ አስተውላ ቆሰልክ ወይ ብላኛለች።

ትምህርት ሊዘጋ ሳምንታት ሲቀሩት አንድ ድምፅ መለሰ። የልጅ ድምፅ አልነበረም፣ የጠና ሰው ድምፅ ነው። እኔ ከዚያ ነኝ፣ ምን ፈለግህ አለ። ጓደኛዬ ስለ ጥርሱ ነገረው። ስለ ወንዙ ነገረው። በዙሪያቸው ይተኮስ ነበር፣ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

«አንተ ነህ የገደልከው?» አለ ድምፁ።

«አዎ» አለ ጓደኛዬ።

እጁን ያዝኩት። ሌላ ሰው ገደለው አላልከንም ወይ አልኩት በሹክሹክታ። ማይኩን በአውራ ጣቱ ሸፈነና ወደ እኔ ዞረ። «ማንም አይነካህም ያልኩት እኔ ነኝ» አለኝ። ከዚያ ማይኩን ከፍቶ ጭሮ ነኝ፣ ምዕራብ ሐረርጌ አለ፤ የስልክ ቁጥሩንም ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ደገመው። ሐጂ ከጥግ ሆነው ያዳምጡ ነበር፣ የሚቆጥሩት ተስቢሃቸው በእጃቸው ላይ ቆሞ ነበር።

መልእክቱ የመጣው ከቀናት በኋላ ነው። «እመጣለሁ» ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። አንብቤ ስነግራቸው ሐጂ አልወደዱትም። ከሽማግሌ ጋር ነው ወይስ ብቻውን አሉኝ። አይልም አልኳቸው። ለመታረቅ ነው ወይስ ለሌላ? እሱንም አይልም። ያን ጊዜ አጠገባቸው አስቀመጡኝና ሥርዓቱን አስረዱኝ። ገዳይ ብቻውን አይቆምም፤ ቃል የሚሰጠው እሱ ሳይሆን ከጎኑ የቆመው ወገኑ ነው። ይህ ልጅ ወገን የለውም፣ እናቱንም እሱ በሌለበት የቀበራችኋት እናንተ ናችሁ፣ ስለዚህ ወገኑ አንተ ነህ አሉኝ። ሰውዬው ገዳዩ ማነው ብሎ ሲጠይቅ ቀድመህ ተነስተህ እኛ ነን ትላለህ፤ እኔ አይደለሁም፣ እሱም አይደለም፣ እኛ። እሺ ሐጂ አልኳቸው። እንደዚያ ቀላል እሺ ብዬ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ በርጫችን ቀረና መናኸሪያ መቀመጥ ጀመርን። ከሚኤሶ በኩል ሽቅብ የሚመጡት አውቶቡሶች የሚቆሙበት አጠገብ አንድ ሻይ ቤት አለ፤ ደጁ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር እንደሚጠብቀው ጓደኛዬ ለሰውዬው ጽፎለታል። ጓደኛዬ ጢሙን ተላጭቶ፣ አንድ ያለችውን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ይመጣል። ረዳቶቹ ሂርና፣ ሂርና እያሉ ይጣራሉ፣ የጫት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ያልፋሉ። ከእያንዳንዱ አውቶቡስ የሚወርደውን ወንድ ሁሉ እጁን አያለሁ፤ ምን ይዟል፣ ኪሱ ውስጥ ምን አለ እላለሁ። ቢመታህስ አልኩት አንድ ቀን። ይምታኝ አለ፣ ሻይ የሚያዝ ይመስል። ፈርቼ ነበር። ለእሱ ፈራሁ ብል ደስ ባለኝ፣ ግን ይበልጥ የፈራሁት ለራሴ ነው።

በአራተኛው ቀን መጣ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፣ ዝናቡ ግን አልጣለም። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ለቆላው መንገድ የማይሆን ወፍራም ጃኬት የለበሰ ሰው ከአውቶቡሱ ወረደ። ሻንጣ አልያዘም፣ ፌስታል እንኳ አልያዘም። ሻይ ቤቱን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ ሳይቸኩል ወደ እኛ መጣ። ጓደኛዬ ሸሚዙን ሲያስተካክል በጎኔ ተሰማኝ። ሰውዬው ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

«የትኛችሁ ናችሁ?» አለ።

ቃሉን አውቀዋለሁ። ለአራት ቀን በልቤ ስለማመደው ነበር። ተነስቼ እኛ ነን ልል ነው። አፌ አልተከፈተም፤ የተነሳው ጣቴ ነው። ሳላዘው ተነሳና ወደ ጓደኛዬ ዞረ፣ እዚያም ቆመ። ሰውዬው ጣቴን ተከትሎ አየው።

ጓደኛዬ ጣቴን አይቶ ነበር። ሰውዬው ወደ ፊቱ ሄዶ ቆመና እጁን ጃኬቱ ውስጥ ከተተ፣ እኔ ያን ጊዜ ከወንበሩ ተነስቼ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ያወጣው በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ፎቶ ነበረች። ጓደኛዬ በሁለት እጁ ተቀብሎ አያትና እሱ ነው በሚል አንገቱን ነቀነቀ። ታናሽ ወንድሜ ነው አለ ሰውዬው። የት ነው ያለው? ጓደኛዬም ድንጋዩን የከመርኩት እኔ ነኝ፣ ቦታውን አውቀዋለሁ አለው። ሰውዬው ፎቶዋን መልሶ ጠቀለለ። «ትወስደኛለህ» አለው፤ ጥያቄ አልነበረም።

ሐጂ ቤት ይዘነው ሄድን። ሐጂ በክብር ተቀብለው ውኃ አቀረቡለት፣ አልጠጣም። ምግብ አቀረቡለት፣ አልነካም። ይህን ያየ ሰው ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር ይገባዋል፤ ከደም ወገን እጅ ውኃ ያልተቀበለ ሰው ገና አልታረቀም። ሐጂ ሽማግሌ እንላክ፣ ከናንተም ሽማግሌ ይምጣ፣ በሥርዓቱ ይሁን ብለው ለመኑት። ሽማግሌው ይደርሳል፣ መጀመሪያ አጥንቱን ብሎ መለሰላቸው። የሚያድርበት ሆቴል ራሱ ፈልጎ ገባ።

ጓደኛዬ ማለዳ አብሮት ሊሄድ ወሰነ። ማምሻውን በአጥራችን በኩል ጠራኝ። «ትመጣለህ?» አለኝ። ፈተና ላይ ነኝ አልኩት፣ ያልታረመ ወረቀት ተከምሯል፣ ትምህርት ቤቱ አይፈቅድልኝም። ሁሉም እውነት ነበር። ብጠይቅ ይፈቅዱልኝ እንደነበርም እውነት ነው፣ አልጠየቅኩም። እሺ አለኝ። አሮጌ ስልኬን ሊመልስልኝ በአጥሩ ላይ ዘረጋው፤ ያዘው፣ ትደውልልኛለህ አልኩት።

ሹፌሩ በማግስቱ ሚኤሶ ላይ አይቷቸዋል። አውቶቡሱ ለቁርስ ቆሞ ነበር። ጓደኛዬ መስኮት ዳር ተቀምጦ ነበር አለን፤ ሰውዬው ግን አጠገቡ አልነበረም። ከኋላው ነው የተቀመጠው። ሌላ ባዶ ወንበር ሞልቶ፣ ልክ ከጀርባው።

ክረምቱ ገባ። ስልኩ አይሠራም። መጀመሪያ በየሰዓቱ እደውል ነበር፣ አሁን በቀን አንድ ጊዜ፣ ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም የምትለውን የሴትዮ ድምፅ ልሰማ። ፖሊስ ዘንድ ሄጄ ምን እላለሁ? በፈቃዱ ነው የሄደው። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ይሆናል እላለሁ። አስከሬን ፍለጋ ጊዜ ይወስዳል እላለሁ። ከዚያ ያ ባዶ ወንበር ትዝ ይለኛል። ጨዋታውን አልፎ አልፎ እከፍተዋለሁ፣ ለመጫወት አይደለም። ስሙ በጓደኞቼ ዝርዝር ውስጥ ግራጫ ሆኖ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ከገባ ስንት ቀን እንደሆነው ይነግረኛል፣ ቁጥሩ በየቀኑ ይጨምራል።

ለዚያች ተማሪ የሚገባትን መልስ አሁን አውቀዋለሁ። ሠሪዎቹ ሊያስቡበት ይገባል፤ የወደቀውን ሰው የሚማርኩበት አንዲት ቁልፍ ማስቀመጥ አያቅታቸውም። ቢያንስ የሚጫወተው ሰው ሲተኩስ ሌላ ማድረግ ይችል እንደነበር ያውቅ ነበር። ግን እሷን ፊት ለፊት አይቼ ይህን ለመናገር አፍራለሁ፤ ቀጥላ ምን እንደምትጠይቀኝ ይታወቀኛልና። መምህር፣ ቁልፉ ቢኖር ትጫነው ነበር ወይ ትለኛለች። መናኸሪያው ወንበር ላይ ቁልፉ ነበር። ሐጂ አሳይተውኝ ነበር፣ እንዴት እንደሚጫኑትም አስተምረውኝ ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሐጂ ቤት ገባሁ። ከሄደ ወዲህ አልሄድኩም ነበር። ልብስ ሰፊውና ሹፌሩ ስልካቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ እኔም በቦታዬ ተቀመጥኩ። ሐጂ ዱዓውን አልጀመሩም። ያቺን ደህናዋን ዓይናቸውን ጥለውብኝ ቆዩ። ወሬ አለ ወይ አሉኝ። የለም አልኳቸው።

«ከጎኑ ማን ሄደ?» አሉኝ።

«ማንም» አልኳቸው።

«ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»